ቅበላ የበላው ተክል

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲጀምር ጋሽ ጥላዬ የሚሠራው ሥራ በየዓመቱ ያው ነው። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጋገረው ውርጭ ፀሐይ ሲነካው ቅው ቅው እያለ ሲላቀቅ እየሰማ፣ የጎረቤት ኩበት ጭስ እየሸተተው፣ በግቢው ተዳፋት ወርዶ ታች ጥጉ ላይ ካለችው ረግረግ ዳር ይቆማል። የደረቁትን ተክሎች አናት በመቀስ ይከረክምና የገብስ ገለባ ያለብሳቸዋል። ተክሎቹ እንደ ቀንድ ዋንጫ ቀጥ ብለው የሚበቅሉ፣ ከንፈራቸው ላይ ማር የሚያወጡ፣ ማሩን ሊልስ የመጣውን ዝንብ አንሸራትተው ሆዳቸው የሚያስቀሩ ናቸው። ዘሩን የሰጠው ድሮ አበባ እርሻ ውስጥ አብሮት ይሠራ የነበረ ሆላንዳዊ ነው። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ አልመከረውም፤ የዝናብ ውሃ እንጂ የቧንቧ አታጠጣቸው፣ ብርድ አትፍራላቸው፣ በውርጩ ወራት ስለሚተኙ ምንም አታብላቸው፣ ባዶ ሆዳቸውን ይተኙ አለው።

«የነቢያትን ጾም ይጾማሉ በለኛ» ብሎ ነበር ጎረቤቱ አቶ ሽብሩ ይህን ሲሰማ። «ሥጋ በል ሣር ከጾመ እንግዲህ እኔም ማፈሬ ነው።»

ዘንድሮ የተለየው ነገር የእቴነሽ አለመኖር ነው። ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አስታሞ በጥቅምት ቀበራት። አስታማሚ ላይ የሚቀር ድካም አለ፤ ቢተኙበትም አይወጣም፣ ሰውም «እግዜር ያጽናህ» ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የቀረችው አንድ ልጁ ትርንጎ ከአዳማ እየደወለች፣ «አባባ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻህን ምን አለህ? ለገና መጥቼ ይዤህ እሄዳለሁ» ትለዋለች። እሱም እሺ ይላል፤ እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል።

በጾሙ ዋዜማ ለቅበላ ሥጋ ገዛ። ልማድ ነውና ገዛ እንጂ ለብቻ የሚበላ ሥጋ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ ግማሹ ተረፈ። በጥሬው እንደያዘው ወደ ረግረጉ ወረደ። ሌሎቹ ተክሎች ጠውልገዋል፣ ትልቁ ግን ገና አረንጓዴ ነበር፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጋሽ ጥላዬ የሆላንዳዊውን ምክር አልረሳም። ነገር ግን ማንንም ቢሆን ባዶ ሆዱን ጾም ማስገባት ነውር መሰለውና ሥጋውን እየቆራረጠ አጎረሰው፤ ገለባውንም አልብሶት ወጣ።

ውርጩ በረታ። ሌሎቹ ጠቁረው ከመሬት ተጣበቁ፤ የትልቁ ገለባ ላይ ግን ውርጭ አይቀመጥም ነበር። እጁን ቢሰድድበት ሰው አሁን የተነሣበት አልጋ ይመስል ሞቀው። ሥጋው ሸትቶ ይሆናል ብሎ ጎንበስ ቢል የሸተተው የማር ሽታ ነው፤ ያውም አዲስ የተቆረጠ ማር። ድንቢጦች እየመጡ ገለባው ላይ ያርፋሉ። ሲነሡ አላየም፤ ዓይኔ ነው አለ። የቤቱ ድመት እዚያው ዳር መዋል ጀመረችና አንድ ቀን ቀረች፤ ድመት ናት አለ። እሱ ራሱ መውረዱ ሳይታወቀው እየወረደ፣ ሲመለስ ግን መሃል ላይ ያርፍ ነበር፤ ጉልበቴ ነው አለ። የሆላንዳዊው ነገር ትዝ ያለው አንድ ቀን እንዲያ አርፎ ሳለ ነው። ተክሉ አይናከስም ብሎት ነበር፤ ውስጡ ያለው ጸጉር ቁልቁል ስለሚመለከት ዝንቡ በወጣ ቁጥር ይንሸራተታል፣ በመጨረሻ ከምንም ይበልጥ የሚገድለው ድካም ነው።

አቶ ሽብሩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣና በርጩማ ይዞ ገለባው አጠገብ ተቀመጠ።

«አንተ፣ እዚህ ጋ ይሞቃል እኮ።»

«ይሞቃል» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«እንዲህ ያለ ሙቀት ደብቀህ ነው ጎረቤትህ በብርድ ሲቆረጠም የምታየው? ንፉግ።» ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ምን እንደሆነ እንጃ፣ ደከም አለኝ። ሻይ አፍላልኝ፣ ከዚህ የምነሣ አይመስለኝም።»

ሻዩን ይዞ ሲመለስ በርጩማው አለ፣ ሰውዬው የለም። ጋቢው ከገለባው ሥር በጫፉ ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ ያም ጫፍ ዓይኑ እያየ፣ ሰው ተኝቶ ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ እንደሚስበው፣ ቀስ ብሎ ገባ። ሽብሩ ሳይሰናበት ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም፤ በር ላይ ቆሞ ለመሰናበት ብቻ ሻይ የሚያቀዘቅዝ ሰው ነበር። ጋሽ ጥላዬ የገለባውን ዳር ገለጠው። ያየው ብዙ አይደለም፤ እንደ ጋን አፍ የሰፋ ነገር፣ እርጥብ፣ ውስጡ ደግሞ ወደ ላይ ሊዘረጋ አስቦ የተወ ጣት። ገለባውን መልሶ አለበሰው፤ ያለበሰውም የተኛ ሰው እንዳይነቃ በሚጠነቀቁት ዓይነት ነው።

በማግስቱ የሽብሩ ሚስት ከአጥር ማዶ፣ «ጋሽ ጥላዬ፣ ያን ሰውዬ አላዩትም?» ስትለው ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን ነገሩ ረጅም ነበር፤ ከቅበላው መጀመር አለበት፣ ከቅበላው በፊት ደግሞ ከእቴነሽ። «ነገ» አለ ለራሱ፣ ለሷም «አላየሁም» አላት። ተክሉን ሊቆርጠው መጥረቢያ ይዞ ወረደ፤ ማሩ እየሸተተው ተቀመጠ፣ መጥረቢያውን እዚያው ጥሎ ወጣ። ግቢውን ጥሎ ሊሄድም ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ሽቅብ መሰለው፣ ነገ አለ። ቤቱ ውስጥም አሁን የማር ሽታ ነበረ፤ ትራሱ ላይ፣ ጋቢው ላይ፣ የሚጠጣበት ጣሳ ላይ። ዝንቦች፣ በዚያ ብርድ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ፊቱ ላይ እያረፉ አልነሣ አሉት።

ከገና በፊት ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ ደርሻለሁ። መናኸሪያ ነኝ።»

«ቆዪ። እኔ እመጣለሁ፣ እዚያው ቆዪ።»

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ደከመ። ባጃጅ ይዣለሁ፣ መጣሁ መጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ በውስጡ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትርንጎ ይህን በር ማለፍ የለባትም። ግድግዳውን፣ ከዚያ አጥሩን እየተደገፈ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ራሱን እየለመነ ሽቅብ ወጣ። ሳንቃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ የሚላትንም በልቡ አጠና፦ አትግቢ፣ ተመለሺ፣ ከባጃጁ አትውረጂ። ባጃጁ ቆመ። ወረደች። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጩን እየደጋገመች ሳመችው፣ ከዚያ ፊቷን ከአንገቱ ሥር ወሸቀች። ባጃጁ ዞሮ ሄደ።

«ምንድነው እንዲህ የሚጣፍጥ ሽታ?» አለች ቀና ሳትል። «ከአንተ ነው እኮ አባባ።» ክንዶቿ ላሉ፣ ክብደቷን ጣለችበት። «መንገዱ ነው መሰለኝ፣ ድክም አለኝ።»

ጋሽ ጥላዬ ያጠናውን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አፉም ሰፋ ብሎ ተከፈተ፣ ከንፈሩ ላይ አንዳች ጣፋጭ ነገር ረጠበ፣ ከዚያ በሞቀ፣ ድካም በሌለው ድምፅ፣ «ግቢ ልጄ፣ ደጅ አይቆምም» አላት።