አሥራ ሁለቱ ጭረቶች

አስያ ቱሳ በመቁጠር ተሳስታ አታውቅም። ከሊል የእሷንና የራሱን የቆጠራ ወረቀት ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ገና ሳይናገር የተቆጣችውም ለዚህ ነው።

ከሊል ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ ወደ አሰላ የተላከ የሥነ ልቦና ተማሪ ነው። ጥናቱ፣ ልጆች በዱላ ፋንታ ቢመሰገኑ እጃቸውን ደጋግመው ያወጡ እንደሆነ ለማወቅ ነው። የሂሳብ አስተማሪው ጋሽ ገብረ መድህንም ስለ እሱ ሲሉ አለንጋቸውን ሰቅለው «ጎበዝ!» ማለት ለምደዋል። ከሊልና ባልደረባው አስያ ከኋላ ተቀምጠው፣ ሳይተያዩ፣ የወጣውን እጅ ለየብቻ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ከገጠመ ከሊል በዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀራል፤ ካልገጠመ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

«ያንቺ ሠላሳ አንድ፣ የእኔ አሥራ ዘጠኝ» አለ።

«ተሳስተሻል ነው የሚሉኝ፣ አቶ ከሊል?»

«ኧረ እኔ አላልኩም! ደግሞ አንቱታው ከየት መጣ?»

አስያ ወዳዋለች፤ ከወደደችውም ሰንብታለች። ክፍል ውስጥ ወደ እሷ በዞረ ቁጥር በወረቀቷ ጀርባ አንድ ጭረት ታሰምር ነበር። ለካ የሚዞረው ስላላመናት ኖሯል!

«ልትቆጣጠረኝ ነዋ የምትዞረው!» ወረቀቷን ከእጁ ነጥቃ ገልብጣ ፊቱ ላይ ዘረጋችው። «ይኸው፣ ዛሬ ብቻ አሥራ ሁለት ጊዜ!»

ከሊል ጭረቶቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ገጠመ» አለ። «ያመለጡኝ እጆች አሥራ ሁለት ናቸው። ወረቀትሽን ግን አንድም ቀን አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

«አስያ ደሞ! ይኼም ይጠየቃል?»

አስያ ሳቋ መጣ።

«የዚህን ሳምንት ቁጥር እንጥለውና ሰኞ እንደ አዲስ እንጀምር» አለችው። «አንተ ከፊት ትቀመጣለህ፣ እኔ ከኋላ። ማየቱ ኢተያ ከተማ ካለው አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ስትልክ ይደርሳል።»

ሰኞ የእሱም ሠላሳ አራት፣ የእሷም ሠላሳ አራት ሆነ። ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ ከሊል ከፊት ወንበሩ ሳይነሳ እጁን አወጣ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት ጋሽ ገብረ መድህን።

«ኢተያ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ከኋላ ወደተቀመጠችው አስያ አሻግረው አዩ። ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት አቀርቅራለች።

«ጎበዝ!» አሉ።

አስያ እርሳሷን አነሳችና ሠላሳ አምስተኛውን እጅ መዘገበች።