ዓይን የማይከደንበት መሐላ

በሰንደራ ምድር አስፈሪ ምልክት ታየ። የሕፃናት እድገት ቆመ፤ የቁስለኞች ቁስል አልሽር አለ። ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ።

ጠላት የሰንደራን ሰዎች በተኙበት ከወጋቸው በኋላ ንጉሥ ዘርዓ ነጎድ በታላቁ ከበሮ ፊት ቆሞ «መንግሥቴ እስካለች ድረስ በግዛቴ ዓይን አይከደን!» ብሎ ምሎ ነበር። በሰንደራ ሥርዓት ከበሮ የተመታለት መሐላ ሕዝቡን ሁሉ ያስራል። ከበሮውን የመታችው ሴት ልጁ ቀመሪት ናት። ሕዝቡም ጉድ አያልቅም፣ እልል አለ! ያን ዕለት የእንቅልፍ ወፍ ግራጫ ክንፏን ዘርግታ ወደ ዱማር ተራራ ኮበለለች።

የቀመሪት ታናሽ ወንድም ምራን በጦርነቱ ቆስሎ ነበር። አንድ ቀን ቁስሉን ስታጥብለት ትክ ብሎ አያት።

«አንቺ ማነሽ?» አላት።

ቀመሪት ብድግ አለች። «ወፏን ሳልመልስ ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብላ ማለች። ደምሳሽ የተባለው ሽማግሌ ጦረኛም ተከተላት።

ከተራራው ገደል አፋፍ ሲደርሱ ደምሳሽ «እመቤቴ፣ ድልድዩ ይኸውና!» ብሎ እግሩን አነሣ። ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። በመታጠቂያው ጎትታ አስቀረችው።

«ጉድ ሆኜ ነበር» አለ ከአፋፉ እየራቀ። «እንቅልፍ ያጣ ዓይን የሌለውን ያያል ለካ!»

ወፏ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። «ስንፍና ነሽ ብላችሁ አባረራችሁኝ» አለች። «ቀን የተማራችሁትን በልባችሁ የማትመው፣ የዛለ አእምሯችሁን የማጥበው፣ የቆሰለ ሥጋችሁን የምጠግነው እኔ አልነበርሁም? እመለሳለሁ። ከበሮ የተመታለት መሐላ ግን አይፈርስም፤ በሕዝቡ ሁሉ ፈንታ አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል።»

«እኔ አለሁ!» አለ ደምሳሽ።

«አይሆንም። የሚሸከመው ከበሮውን የመታው እጅ ነው።»

ቀመሪት እጇን አየች። ፈራች፤ መፍራቷንም አልደበቀችም። «ምራን ይድናል?»

«ይተኛል፤ ሲተኛም ይድናል።»

«እንግዲያው ጫኚብኝ።»

ወፏ ተመለሰች፤ ሰንደራም ተኛች። ንጉሡ በዙፋኑ ላይ፣ ዘበኞቹም ጦራቸውን እንደ ተደገፉ አንኮራፉ። ቀመሪት ብቻ በወንድሟ አልጋ አጠገብ ነቅታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህም እሱ ሌሊት ሌሊት ይተኛል፣ እሷ ትጠብቀዋለች። ቁስሉ እየጠገገ ሄደ፤ የእሷም ዓይን እየደፈረሰ።

አንድ ማለዳ ምራን ድኖ ተነሣ። «እታለም! እታለም ቀመሪት!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

እሷም በፍቅር ፈገግ አለችለት። «ይቅርታህን፣ የኔ ልጅ» አለችው፤ «ስምህን ማን አልከኝ?»

ልጁ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እጇን ይዞ «ምራን ነኝ። ወንድምሽ ነኝ» አላት።

በማግሥቱም ነገራት። ዕድሜዋን ሙሉ በየማለዳው ይነግራት ነበር፤ እሷም በየማለዳው «ወንድም አለኝ!» እያለች ደስ ይላት ነበር።