እንግዳ የተባለው ሳል

በዘርማት ሰማይ ይበሩ የነበሩት ዝይዎች በጠራራ ፀሐይ እንደ ድንጋይ ረገፉ። ከሐይቁ ማዶ ያሉት መንደሮችም እየሳሉ ያልቁ ጀመር። የዘርማት ሰው ክፉ ነገር ስሙ ከተጠራ ይመጣል ብሎ ስለሚፈራ፣ በሽታውን «እንግዳ» አለው። በዚያች አገር ሕግ ደግሞ ለእንግዳ በር አይዘጋም፤ ንጉሡ ራሱ ወጥቶ በአንድ ዋንጫ አብሮት ይጠጣል።

የበር ጠባቂው ልጅ ኢልዳራ ንጉሡ ለዚህም እንግዳ ዋንጫ ማዘጋጀቱን ስትሰማ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። ከወደቀ ኮከብ የተቀጠቀጠው፣ ክፉ እስትንፋስ የማያሳልፈው የበሩ መቀርቀሪያ የት እንደገባ መኳንንቱን ጠየቀች። በጥጋቡ ዘመን የንጉሡ አባት «እንግዳ ያስቀይማል» ብሎ ገደል ሥር በሚኖር ዘንዶ ዋሻ ውስጥ አስጥሎት ኖሯል። መኳንንቱ፣ ባል ያጣች መቀርቀሪያ ፍለጋ ትሂድ እንጂ ብለው ተሳለቁባት። እሷም ባልስ ሞልቷል፣ የታጣው ወንድ ነው ብላቸው ወጣች።

የተከተላት የአክስቷ ልጅ ቆርማን ብቻ ነበር። እሱ ዘንዶውን በችቦ ሲያታልል እሷ ከሆዱ ሥር መቀርቀሪያውን መነጨቀች። ሲመለሱ፣ ሰው ባለቀበት መንደር አንዲት አሮጊት ውሃ ለመነቻቸው። ቆርማን አልፏት መሄድ አልሆነለትም፤ ቀና አድርጎ አጠጣት። ዘርማት በር ሲደርሱ ይስል ነበር፤ ኢልዳራንም ጉሮሮዋን ይከረክራት ጀምሮ ነበር።

ንጉሥ ዑዝራን ሳሉን ሰምቶ፣ እንግዳው መጣ ብሎ ዋንጫውን ይዞ ከበሩ ብቅ አለ። ኢልዳራ መቀርቀሪያውን ወደ ውስጥ ወርውራ ጎራዴዋን መዘዘች።

«ጃንሆይ፣ ባሉበት ይቁሙ። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ፣ የወደቀው ኮከብ ምስክሬ ነው፣ አንገትዎን እቀላለሁ።»

«አንቺ የዘብ ልጅ፣ እንግዳ እንዳልቀበል ልትከለክዪኝ?»

«ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ሳል ነው፤ የሚገድል ሳል። ይህችን አንዲት ቃል መጥራት አቅቷችሁ ነው የምታልቁት። ግቡና ዝጉ!»

«ይግቡ ጃንሆይ» አለ ቆርማን በሳሉ መሀል። «የማለችውን አታጥፍም፤ እኔ ዐውቃታለሁ።»

ንጉሡ አፈገፈገ። አባቷ ከውስጥ ሆኖ አያት፤ ከዚያ በሩን ዘግቶ በመቀርቀሪያው ቀረቀረው። የኮከቡ ብረት ጮኸ፤ በሩ እንደ ዓለት ገጠመ።

ቆርማን በማግሥቱ ሞተ። ኢልዳራ ግንቡን ተደግፋ ስትዳከም፣ ሕዝቡ ግንቡ አናት ላይ ወጥቶ ንጉሥ ላይ ጎራዴ የመዘዘች፣ የአገር ወግ ያረከሰች እያለ ይረግማት ጀመር። ቀኑን ሙሉ ረገሟት። እሷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ከመካከላቸው የሚስል አንድም ሰው አልነበረም።