ፕላን ላይ የሌለ ጎሚቶ

«የቀይ ቆላ ከተማ ነዋሪዎች ሆይ! የሞቀው ውሃ ዛሬም እንደ ትናንቱ በቧንቧ ውስጥ የሚፈስ መሆኑን ኮሚቴው በታላቅ አክብሮት ያበስራል!»

ድምፅ ማጉያው በማርስ ሸለቆ ላይ በተደፋው የመስታወት ጣሪያ ስር አስተጋባ። ቀና ያለ ሰው የለም። የቧንቧ ባለሙያዋ ስንዱ ብቻ የግፊት መለኪያውን ደግማ መታ መታ አደረገችው። መርፌው አልተነቃነቀም።

ከማሞቂያው እቶን ተነስቶ ቤቶቹን የሚያሞቀው ውሃ ማብቂያው የጨቅላ ሕፃናት ማቆያው ነው። እዚያ ሲደርስ ግን ጉልበቱ አልቆ ይንጠባጠባል። ነርሷ ሲስተር ዘርፌ ከንጋት ጀምራ ሦስት ጊዜ ደውላለች።

«ስንዱ፣ ክፍሉ ወደ አሥራ አንድ ዲግሪ ወርዷል። ሕፃናቱን ደረታችን ላይ አድርገን ነው ያለነው። አሁንማ ደረትም አለቀብን።»

ቧንቧው አያፈስም፤ የገባው ሁሉ ይወጣል፣ ግን ደክሞት። ውሃ ግድግዳውን እየታከከ ሲሄድ ጉልበቱን ይገብራል፤ ጎሚቶ፣ ማለትም መታጠፊያ፣ ሲያጋጥመው ደግሞ ተላትሞ አብልጦ ይገብራል። ፕላኑ ላይ ግን አንድም ጎሚቶ የለም። ቧንቧው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ኮሚቴው በዚህ ይምላል።

ስንዱ ጢንዚዛዋን ውሃው ውስጥ ለቀቀቻት። ጢንዚዛ የምትባለው ጣት የምታህል ማሽን ናት፤ መታጠፊያ ባገኘች ቁጥር የቧንቧውን ግድግዳ ታንኳኳለች። ከዚያ ስንዱ ወደ ስብሰባው ሮጠች።

ስብሰባው በሊቀመንበሩ በአቶ ጉግሳ ሳሎን ነበር። አባላቱ ካፖርታቸውን አውልቀው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ቧንቧው የሆነ ቦታ ታጥፏል። ፍቀዱልኝና ቆፍሬ ላቅናው» አለች።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ጉግሳ፣ «እኛ የቀበርነው ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው። ጥፋቱ የብርዱ ነው፤ ብርዱን ክሰሺ።»

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ከምንጣፉ ስር ነበር። አቶ ጉግሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉግሴ!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ፤ «ኧረ መኝታ ቤቱም ስር እየተንኳኳ ነው!»

ከዚያ የአባላቱ ስልኮች አንድ በአንድ ይጮሁ ጀመር፤ የሚደወለው ከየቤታቸው ነው። ማንም አላነሳም። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስንዱ በጣቷ ትቆጥራለች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው የራሷ ነበር።

«ስንዱዬ፣» አሉ እናቷ፣ «ከአልጋዬ ስር ምን ጉድ ነው የሚያንኳኳው? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለቁርጥማቴ ብሎ ቧንቧውን ትንሽ ዞር ያስደረገው ቦታ ላይ ነው።»

የእናቷ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ስለወጣ ሁሉም ሰማ። የኮሚቴው አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመድ ዓይን አዩዋት። አቶ ጉግሳ እንዲያውም ወንበር ሳቡላት።

ስንዱ አልተቀመጠችም።

«እማዬ፣ ጋቢሽን ደርቢ» አለች። «አካፋ ይዤ መጣሁ።»