ባለበሩ አግዳሚ

በማርልፎርድ ከተማ ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ውስጥ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከፊት ያሉት አግዳሚ ወንበሮች በር አላቸው፤ በየበሩ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ስም ተቀርጿል። ከኋላ፣ ከደወሉ ገመድ ሥር ያለው በር የሌለው አግዳሚ ደግሞ የሠራተኛውና የመንገደኛው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው አንድም አልነበረም።

ጊልበርት ሄይል ግን ከሊቨርፑል የመጣው ገና ሐሙስ ዕለት ነበር።

ሄስተር ፋርንዴል ያን እሁድ ከአባቷ ቀድማ ገባች። የቤተሰቧን አግዳሚ በር ከፈተችና ባለችበት ቀረች። አንድ ረጅም ሰው፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል። ያውም የት? በእናቷ ቦታ! እናቷ ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያን ሰማያዊ ትራስ የነካው ሰው የለም።

«ይቅርታ ጌታዬ... የተሳሳቱ ይመስለኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምነው? ጸሎቱ እዚህ አይደለም እንዴ?»

«ጸሎቱስ እዚህ ነው። ቦታው ግን የእኛ ነው።»

ሰውየው ዞር ብሎ በሩን አየ፤ ስሙን አነበበ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ኧረ በስመአብ! እኔ እኮ... በሩ ለብርድ የተሠራ መስሎኝ ነው!»

ሄስተር ሳቋ አመለጣት። አፏን በጓንቷ ብትይዘውም አልቆመላትም። ሰውየው ሊነሳ ሲል ኦርጋኑ ጀመረና ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለ።

«ይቆዩ» አለችው። «አሁን ከወጡ እስከ ገና ድረስ የከተማው መሳቂያ ይሆናሉ።» የመዝሙር መጽሐፏንም ለሁለት እንዲሆን ከመሃል ያዘችለት።

ወዳጆቼ፣ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው! በማርልፎርድ አንድ ያላገባ ወንድ የአንዲት ልጃገረድን አግዳሚ በር አልፎ ገብቶ ከአንድ መጽሐፍ ከዘመረ፣ እጮኛዋ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ሚስስ ታክዌል ስብከቱ ሳያልቅ ለሦስት ሰው አንሾካሾከች። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የሄስተር የሠርግ ቀሚስ ቀለም ሳይቀር ታውቆ ነበር።

አባቷ ሚስተር ጆሳያ ፋርንዴል ዘግየት ብለው ገብተው፣ ትራሱ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተው፣ ጥጋቸውን ይዘው ነበር። ቤት ሲደርሱ ግን አላስቻላቸውም።

«ማን ነው እሱ?»

«አላውቀውም አባባ። ተሳስቶ ነው የገባው።»

«እኔ አውቄዋለሁ። የባቡር ሐዲድ ቀያሽ ነው። መስኬን ለሁለት ሊሰነጥቀው ነው የመጣው! መጀመሪያ በእናትሽ ቦታ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ መሬቴ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ደግሞ...» አሉና ልጃቸውን አይተው አቋረጡት። ከእሷ ሌላ ማንም የላቸውም።

ሐሜቱ ሄስተርን አላስጨነቃትም፤ እንዲያውም አሳቃት። በዚያው ሳምንት ጊልበርትን ድልድዩ ላይ አገኘችው፤ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ በመነጽሩ አሻግሮ ያያል።

«ምን ይታያል?» አለችው።

«ይሞክሩት።»

ዓይኗን አስጠግታ አየች። «ውይ! ቤታችን ተዘቅዝቋል!»

«መነጽሩ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። እስኪለምዱት ድረስ ዓለሙ ሁሉ የተገለበጠ ነው።»

«አባቴም በቀደም ዕለት እንደዚሁ ነው የሆኑት።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው አወሩ። በሌላውም ሳምንት እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ሄስተር ልቧ እንደሄደ አወቀች፤ አላፈረችበትም።

ወር እንደሞላ ግን፣ በአንድ እሁድ ጊልበርት በአጠገቧ አለፈ፤ ሰላም እንኳ አላላትም። ሄዶ ከኋላ፣ ከደወሉ ገመድ ሥር ተቀመጠ። ከጸሎት ሲወጡ ሚስስ ታክዌል እጇን ያዝ አደረገቻት።

«የኔ ልጅ፣ እንግዲህ አይዞሽ። ሚስተር ሄይል በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። ‹ከሚስ ፋርንዴል ጋር ምንም የለንም፤ እዚያ የተቀመጥኩት በስህተት ነው› አለኝ። ወይ ጊዜ! እኔማ ጨርቁን እንኳ መርጬልሽ ነበር!»

ሄስተር ቤት ገብታ የፖም ማርማላታ እያማሰለች አለቀሰች። ማርማላታው አረረ። ግን አልቅሳ የምትቀር ሴት አልነበረችም፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ጊልበርት ወደሚቀይስበት መስክ ወረደች።

«ሚስተር ሄይል! እዚያ የተቀመጥኩት በስህተት ነው ብለዋል አሉ።»

ከመነጽሩ ቀና አለ። «ብያለሁ።»

«ድልድዩ ላይ ከእኔ ጋር መቆምዎስ? እሱም ስህተት ነበር?»

«እሱ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«አባትዎ ማደሪያዬ ድረስ መጥተው ነበር። ‹የልጄ ስም በየሱቁ ይነሳል፤ ጨዋ ከሆንክ ራቅ በልላት› አሉኝ። እኔም ጨዋ ልሁን ብዬ...»

«ጨዋነት ማለት እኔን ሳይጠይቁ ስለ እኔ መወሰን ነው? ሁለት ወንዶች ተቀምጣችሁ ስለ እኔ ስትመክሩ እኔ የት ነበርኩ? ማርማላታ አሳርር ነበር!»

ጊልበርት ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሄስተር... እወድሻለሁ። ከዚያች እሁድ ጀምሮ እወድሻለሁ። ለሚስስ ታክዌል የነገርኳት ውሸት ነው። እውነቱን ለአንቺ ሳልነግርሽ ለእሷ ልነግራት አልፈለግኩም።»

«እኔም እወድሃለሁ። አየህ? ይህን ያህል ቀላል ነበር!»

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ። ግን ስማኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም። የአባቴን ምርቃት ግን እፈልጋለሁ። ሆድ ብሷቸው ትቻቸው ብሄድ ከአንተም ጋር ደስ አይለኝም።» ትንሽ አሰበችና «ሐዲዱ በመስካችን ነው የሚያልፈው?» አለችው።

ጊልበርት አንገቱን ደፋ። «መንገዱ በአዋጅ እስኪለጠፍ ድረስ ለማንም ላልናገር ምያለሁ። ለአንቺም ቢሆን።»

ሄስተር ደሟ ፈላ፤ ደግሞም ኮራችበት። «እሺ፣ ጠብቀው ቃልህን» አለችው።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ ቢላዋና ሹካቸውን አስቀመጡ። «አልከለክልሽም። ያ ሰው ግን እኔ በሕይወት እያለሁ በእኔ አግዳሚ አይቀመጥም።»

«እንግዲያው አባባ፣ እሱ በሚቀመጥበት እኔ እቀመጣለሁ።»

ለማግባት የተጫጩ ሰዎች ስም ሦስት እሁድ በተከታታይ ከመቅደሱ ፊት ይነበባል፤ የሚቃወም ካለ እዚያው ይናገራል። በመጀመሪያው እሁድ ሄስተር የቤተሰቧ ስም የተቀረጸበትን በር አልፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በመሃሉ መተላለፊያ እስከ ኋላ ሄደች። ከጊልበርትና ከዳቦ ጋጋሪው ሠራተኛ መካከል ተቀመጠች። የማርልፎርድ አንገት በሙሉ ዞረ! ቄሱ ስማቸውን አነበቡ፤ የተቃወመ የለም። ቤት ሲገቡ አባቷ ጥብሱን ቆርጠው የምትወደውን ዳርዳሩን ሳህኗ ላይ አደረጉላት።

ሁለተኛው እሁድ ከበዳት። አምስት ሰው በሚይዘው አግዳሚ አባቷ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዜማ አይሆንላቸውም፤ ሁልጊዜ እሷን እየተከተሉ ነበር የሚዘምሩት። ዛሬ ድምፃቸው ብቻውን ወጣ ገባ ሲል ከኋላ ሰማችው፤ እንባዋ መጣ። ጊልበርት እጇን ያዘ።

«ሂጂ፤ ከእሳቸው ጋር ተቀመጪ። አልቀየምሽም» አላት በሹክሹክታ።

«እኔም ሄጄ ልቀመጥ እፈልጋለሁ። ግን ከአንተ ጋር ነው።»

በሦስተኛው እሁድ በቤተክርስቲያኑ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ ሰው ተሰብስቦበታል። የሐዲዱ መንገድ በአዋጅ ወጥቷል። ሚስተር ፋርንዴል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ሐዲዱ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው የሚያልፈው፤ ከመስካቸው አንዲት ሣር እንኳ አይነካም። መነጽራቸውን አውልቀው ገቡ።

ቄሱ መጽሐፉን ገለጡ። «ጊልበርት ሄይልና ሄስተር ፋርንዴል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ይህን ጋብቻ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።»

የፋርንዴሎች በር ሲጢጥ አለ።

«እኔ የምናገረው አለኝ» አሉ ሚስተር ፋርንዴል።

የሚስስ ታክዌል የመዝሙር መጽሐፍ ከእጇ ወደቀ። ሄስተር የጊልበርትን እጅ ጨበጠች። አባቷ በመተላለፊያው ቀስ ብለው መጥተው ከጊልበርት ፊት ቆሙ።

«ይህን መንገድ መቼ ነው ያወቅከው?»

«በመጣሁ በሳምንቱ ጌታዬ። መስክዎ በዝናብ ጊዜ ውሃ ይተኛበታል፤ ሐዲድ አይሸከምም።»

«ማደሪያህ መጥቼ ስጮህብህ ታውቅ ነበር ማለት ነው! አንድ ቃል ብትተነፍስ እኮ ያኔውኑ እጅህን እጨብጥህ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

«ምዬ ነበር። ደግሞም... ሄስተርን በሐዲድ ለውጬ የወሰድኳት እንዲመስል አልፈለግኩም።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስተር ፋርንዴል፣ ይህ... ተቃውሞ ነው?»

«አዎ፣ ተቃውሞ ነው!» አሉ አዛውንቱ። «እዚህ ከደወሉ ሥር ንፋስ ይገባል። ልጄ ጉንፋን ሊይዛት ነው። የምቃወመው ንፋሱን ነው!»

ቤተክርስቲያኑ በሳቅ ተሞላ። ሄስተር ግን እያለቀሰች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «አባባ... አባባዬ...»

«በቃ፣ በቃ። ኑ ግቡ» አሉ። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ጊልበርት ሰማያዊውን ትራስ አይቶ ቆም አለ።

«ይሄ የእናቷ ቦታ ነው ጌታዬ። እኔ ጥጉ ይበቃኛል።»

«የማን እንደሆነማ ለእኔ ትነግረኛለህ? በዚያች እሁድ ከደጅ ስገባ የልጄን ሳቅ ሰማሁ። እዚህ ቦታ ላይ ሳቅ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንተን ያልወደድኩህ እኮ ያሳቅካት እኔ ባለመሆኔ ነው።» ትራሱን በእጃቸው አራገፉት። «ተቀመጥ ልጄ።»

ኦርጋኑ ጀመረ። ሄስተር በሁለቱ መሃል ሆና መጽሐፉን ለሦስት ያዘች፤ አባቷም ድምፅዋን ተከትለው ዜማውን አገኙት። በመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ወደ ጊልበርት ጎንበስ አሉ።

«በሩን ዝጋው እንጂ» አሉት። «ብርድ ነው።»