አፉ ያልተባለ ወንፈል

ይመር ጎህ ሲቀድ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማሳው ወረደ። ሌላ ማን ይወርዳል? ዝናቡ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሲከዳ የቀየው ሰው ደጁን በእሾህ እየዘጋ፣ በአይሱዙ እየተጫነ ውሃ አለ ወደተባለበት ወደ ምዕራብ ሄዷል። እሱ እምቢ አለ። «ሰማይ አይታረስ» እያሉ ሲያባብሉት «ሰማይ አይታረስም፤ መሬቱ ግን ይታረሳል» ብሎ አፍ አስያዛቸው። ግትር ነው ይሉታል፤ ግትርም ነው።

በሄዱበት ቀን ግን ከግትርነትም ያለፈ ነገር አደረገ። በዚያ ቆላ ወንፈል ቀልድ አይደለም። ዛሬ ላንተ ላረመ ነገ ታርምለታለህ፤ አገር ጥሎ የሚሄድም ያልመለሰውን ጉልበት «አፉ በለኝ» ብሎ ሳያስምር አይሄድም። ይመር ደግሞ በሬዎቹ ሳያልቁ ለሁሉም አርሶ ነበር፤ ለእሱ የመለሰለት የለም። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እያጓራ፣ ሁሉም በየተራ እየመጡ «አያ ይመር፣ አፉ በለን» አሉት። ጎረቤቱ እንድሪስ ጉልበቱን ሊስም አጎነበሰ። በመጨረሻ አንድያ ልጁ ዘምዘም ከባሏ ጎን ወጣ ብላ «አባ፣ እኔንስ?» አለችው።

«አላልኩም!» አለ ይመር። «ላንዳችሁም አላልኩም!»

ጀርባውን ሰጣት። ቃሉን እስካሁን አላጠፈም።

እነሱ በሄዱ በወሩ ዝናቡ መጣ። ይመር በሬ የለውምና ብቻውን በዶማ ይቆፍር ጀመር። ያን ዕለት ጧት ማሳው ዳር ሲደርስ ክው አለ። ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባቆመበት ላይ ድንጋይ አኑሮ ነበር፤ ቁፋሮው ግን ድንጋዩን አልፎ እስከ ግራሩ ጥግ ደርሷል። አየሩ አዲስ የተገለበጠ አፈርና የብዙ ሰው ላብ ይሸታል፤ ከዚያም ስር፣ እነሱ ከሄዱ ወዲህ መኪና ዝር ባላለበት አገር፣ ቀጭን የናፍጣ ሽታ አለ። መሬቱ ላይ የባዶ እግር ዱካ ሞልቷል። ከየት እንደመጡ ሊያይ የማሳውን ዙሪያ ዞረ። የገባ ዱካ የለም፣ የወጣም የለም፤ ሁሉም መሃል ማሳው ላይ ጀምሮ እዚያው ያልቃል።

ፈራ። ፈርቶም ዘሩን ዘራ፤ ሰው ፈራሁ ብሎ ዝናብ አያሳልፍም።

ማሽላው በቀለ፣ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። አሁን ጀንበር ጠልቃ ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ፣ ይመር ጎጆው ውስጥ ሆኖ ሥር ከአፈር ሲላቀቅ የሚያሰማውን ለስላሳ ድምፅ፣ ቀጥሎም የደከመ ሰው የሚተነፍሰውን ረጅም ትንፋሽ ይሰማል። የሚያወራ፣ የሚዘፍንም የለም። ጧት ዱካዎቹን ያያል። አንደኛው አውራ ጣት የለውም፤ እንድሪስ ጣቱን በመጥረቢያ ያጣ ጊዜ ተሸክሞ ቤቱ ያገባው ይመር ራሱ ነው። በአንዱ ትልም ደግሞ የተነቀለው አረም ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተደርድሯል። እንዲያ አድርጋ የምትደረድር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ በልጅነቷ ያስለመዳትም እሱ ነው።

ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለ። የዘምዘም ባል ሁሴን አነሳው።

«አባ፣ አገሩስ ለም ነው፣ ውሃም አለ» አለ ሁሴን፤ ድምፁ ሰልሏል። «እንቅልፉ ነው የገደለን። ስንተኛ ከነበረው ይበልጥ ደክመን እንነሳለን። እጃችን ይላጣል፣ ጥፍራችን ውስጥ ቀይ አፈር እናገኛለን፤ የዚህ አገር አፈር ጥቁር ነው። እንድሪስን ከትናንት ወዲያ ቀበርነው። ዘምዘምም መነሳት አቅቷታል። ‹አባን አፉ ይበለኝ በሉልኝ› ትላለች። በአላህ ይሁንብህ፣ አንድ ቃል ናት!»

ይመር ቁልቁል ወደ ማሳው አየ። ልጁ ናት፣ ይወዳታል፤ ከዝናቡም ከመሬቱም አስበልጦ ይወዳታል። «እደውላለሁ» ብሎ ዘጋና እየተንገዳገደ ወደ ማሳው ወረደ።

ጉሙ ደርሶ ነበር። እግሩ ስር፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ አውራ ጣት የሌለው ዱካ ገና ውሃ እያቆረ ነው። የእንድሪስ ነው፤ ከትናንት ወዲያ የቀበሩት የእንድሪስ። ይመር ዱካውን ሲያይ ቆየና ገባው፤ አፉ ያልተባለ ሰው ሞቶም ከማሳው አይቀርም። ወዲያ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንዲት ቀጭን ጥላ አጎንብሳ ታርማለች። አፉ ካላት ትድናለች፤ ከዳነች ደግሞ እዚያው፣ በጥቁሩ አፈር ላይ፣ ያለ እሱ ትኖራለች።

የዓይኑን እንባ በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ያልታረመውን የላይኛውን ማሳ ቀና ብሎ አየና፣ አባት ልጁን በሚጠራበት ድምፅ ቀስ ብሎ ተጣራ፦ «ዘምዘም፣ ነገም በጊዜ ነይ።»