ጋሽ ገረመው የተዋሹት ውሸት

አብኔዘር መጀመሪያ ያየው ጫማዬን ነው። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ የተጓዥ ቡድናችን አውቶቡስ በር ላይ።

«ይሄ ጫማ ለሠርግ ነው ለተራራ?»

«ምን አገባህ?» ብዬው ገባሁ።

የተራራውን ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ተረከዜ ተላጠ። አብኔዘር ሳይስቅብኝ ትርፍ ካልሲውን አውጥቶ ሰጠኝ። እዚያው ወደድኩት፤ ምን ላድርግ!

ከዚያ ወዲህ ጉዞ በተባለበት ሁሉ አብረን ነን። ስለ ሁሉም ያወራል፤ ስለ እኛ ግን ትንፍሽ አይልም።

ባለፈው ጥቅምት ሁለታችን ብቻ፣ ሁለት ድንኳን ይዘን ከደብረ ብርሃን አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ መንደር ሄድን። ድንኳኑን ስንተክል ጋሽ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«እንግዳ ሜዳ አሳድሬ አገር ይስደበኝ? ቤት ግቡ እንጂ! ባለቤትህ ናት?»

«የለም አባባ፣ እህቴ ናት» አለ ፈጠን ብሎ።

ሴት ይዞ የመጣ ወንድ ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም ቅር አለኝ። የቀረበልኝን እራት በቅጡ አልበላሁም።

ጠዋት በር ላይ ጫማዬን ሳስር ጋሽ ገረመው አብኔዘርን ሲያናግሩት ሰማሁ።

«ልጄ ማሞ ጎበዝ አራሽ ነው። እህትህን ለሱ ስጠኝ።»

አብኔዘር መሬት መሬት አየ። ንዴቴ መጣ።

«ወንድሜ ከፈቀደ እኔ ምን ቸገረኝ!» አልኩ።

ላብ አጠመቀው።

«አባባ... ዋሽቼዎታለሁ። እህቴ አይደለችም። ሚስቴም አይደለችም... እንድትሆን ግን እፈልጋለሁ።»

«ለሷ ነግረሃታል?»

«ይኸው... እየሰማች ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እስከ ዛሬ ምን ይሠራ ነበር በሉልኝ!» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ጋሽ ገረመው ሳቁ። «የማሞን ሚስት ነጥቀኸኛል። ሽማግሌ ስትልክ እኔን ሳትይዝ እንዳትሄድ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ቦሌ ሚካኤል፣ አባቴ ቤት ሽማግሌዎች ሲመጡ ጋሽ ገረመው ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው እሺታውን ሳይሰሙ እንደማይቀመጡ ነገሩት።

«እርስዎ ልጁን እንዴት ያውቁታል?» አለ አባቴ።

«ውሸታም ነው።»

ከጓዳው በር ኋላ ቆሜ «አለቀልኝ!» አልኩ በልቤ።

«አንድ ቀን ዋሽቶኛል» ቀጠሉ። «ግን እሷን ከማጣት ፊቴ ቆሞ ማፈርን መረጠ። ልጅዎን እንዲህ ለሚፈልጋት ሰው ይስጡ።»

አባቴ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አያቸው። ከዚያ ሳቀ።

«እሺ... አሁን ተቀመጡ።»

ጋሽ ገረመው ተቀመጡ። እኔም እዚያው ጓዳ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።